ለትልቅ ሰው የተሸመነ

ሸማኔው እንዲህ ይላል፦ ጋሽ መንበሩ ዛሬ ምሳ ላይ የበሉት፣ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ የበላውን ነው። አንድ ሽምን፣ የምስር ወጥ፣ ጎመን። ሽምኑ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት ከማንም ሽምን በአንዲት ግራም አይበልጥም፣ በአንዲት ግራም አያንስም። ከምሳ በኋላ ምንም አልቀመሱም።

የደም ዓይናቸው ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ ጋሽ መንበሩ ዛሬ ምሳ ላይ የበሉት ማር ነው። ማር ባይሆን እንኳ የማር ዘመድ ነው። እጃቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ ስኳሩ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ሽቅብ ወጥቷል። ጫፍ ላይ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ከገደል እንደተለቀቀ ድንጋይ ቁልቁል ወርዷል። ከሰዓት በኋላ መሰርሰሪያው ላይ እንደተቀመጡ ያንቀላፉት ለዚህ ነው።

ሐመልማል ሁለቱን ምስክርነቶች ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን አብርታ ቆማ ታያቸዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ የሰዉን ደም ከሚበላው ምግብ ጋር ማስታረቅ። እስከ ዛሬ ግን ሁለቱ እንዲህ ዓይን ለዓይን ተጣልተው አይታ አታውቅም።

ከተማዋ ማርስ ላይ፣ ጥልቅ ሸለቆ ወለል ላይ የተሠራች ናት። ነዋሪዎቿ ቆላ ይሏታል። ከላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን፣ መንኮራኩሮች የሚያርፉበትን ጣቢያ ደግሞ ደጋ ይሉታል። ከምድር የመጣ እንግዳ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠው «ይኼ ምኑ ቆላ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለነዋሪው ግን ታች ያለ ሁሉ ቆላ ነው።

ሸማኔው የቆላ ወጥ ቤት የሆነ ማሽን ነው። ከጓሮው ገብስና ውሃ ገንዳ ውስጥ ከሚያድገው አረንጓዴ ዋቅላሚ የወጣውን ስታርች እንደ ጥጥ ይፈትለዋል፤ ድሩ እሱ ነው። ማጉ ደግሞ አሰር ነው፤ ሆድ የማይፈጨው የእህል ጭረት። ሁለቱን አጠላልፎ የሸመነውን ስስ ቂጣ ሰዉ ሽምን ይለዋል፤ በየቀኑ የሚበላውም እሱኑ ነው። የደም ዓይን ከክንድ ቆዳ ሥር የምትቀበር፣ የምስር ፍሬ የምታክል መሣሪያ ናት። የደሙን ስኳር ሳትታክት ታያለች፣ ያየችውን ለሐመልማል ትነግራለች። ሸማኔውም ሆነ የደም ዓይኗ ሲዋሹ ተይዘው አያውቁም።

በሩ ተከፍቶ ዶክተር ሰብለ ገቡ። የከተማዋ ሐኪም ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አይልም፣ ሲቆጡም እንደዚያው።

«አገኘሽው?»

«አላገኘሁም ዶክተር። ሁለቱም እውነት የሚናገሩ ይመስለኛል።»

«እንዴት ሁለቱም? ወይ ሸማኔው የማያየው የሚበላ ነገር አለ፣ ወይ ዓይኗ ታማለች።»

«ማሩስ?»

«አየሁት።» በቆላ ያለው ማር ከአንዲት ቀፎ የሚቆረጥ ነው። ንቦቹ የመጡት የጓሮውን አበባ እንዲያራቡ ነው። ማሩ ቁስል ላይ እንዲቀባ በዶክተሯ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። «ጠብታ አልጎደለም። ብትጎድል ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ አውቀው ነበር።»

ሁለቱን ያስጨነቃቸው ግን ማሩ አልነበረም።

ጋሽ መንበሩ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጋር የመጡ ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው። ከሸለቆው ወለል ሥር ውሃ አለ ሲሉ ያመናቸው ሰው ጥቂት ነበር። ያላመናቸው ሰው ልጅ ወልዶ ልጁ ጺም እስኪያበቅል ድረስ ቆፈሩ። በቅርቡ መሰርሰሪያው እርጥብ አፈር ይዞ ወጣ። የቀረው ሁለት ሰዎች የጠፈር ልብስ ለብሰው ወርደው፣ የመጨረሻውን ድንጋይ በእጃቸው መክፈት ብቻ ነው። የአቧራው ወቅት ሳይገባ ይህ መሆን አለበት። የሚወርዱት ጋሽ መንበሩና ተማሪያቸው ዙፋን ናቸው።

ደንቡ ግን አለ። ስኳሩ እንዲህ የሚወጣና የሚወርድ ሰው የጠፈር ልብስ አይለብስም። ልብሱ ውስጥ ራሱን ለሳተ ሰው ማንም እጁን አስገብቶ የሚሰጠው ነገር የለምና። ሌላም ደንብ አለ፣ ያልተጻፈ። ምግብ ተመዝኖ በሚበላበት ከተማ ተደብቆ የበላ ሰው ወደ ደጋ ይወጣል፣ በመጀመሪያው መንኮራኩርም ወደ ምድር ይመለሳል። ይህን ለጋሽ መንበሩ ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገራቸውም። ሰው ግን ማንሾካሾክ ጀምሯል።

«ከመውረዳቸው በፊት መልስ እፈልጋለሁ» አሉ ዶክተር ሰብለ። «ካልታወቀ አግዳቸዋለሁ። ሳግዳቸው ደግሞ ሰዉ የሚያስበውን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ሐመልማል ከቀላሉ ጀመረች። አዲስ የደም ዓይን ወስዳ በሌላኛው ክንዳቸው ቀበረች። አዲሲቱ የአሮጌዋን ቃል አንድም ሳታዛንፍ ደገመችው። ቀጥሎ በባዶ ሆዳቸው የተመዘነ የስኳር ውሃ አጠጣቻቸውና ደማቸውን ተከታተለች። ደማቸው ስኳሩን የተቀበለው በእድሜያቸው ያለ ሰው እንደሚቀበለው ነው። ቆሽታቸው ትንሽ ደክሟል እንጂ አልታመመም። እንግዲህ ጥፋቱ ከሰውነታቸው አይደለም፣ ከዓይኗም አይደለም። የቀረው ምግቡ ነው። ምግቡን ደግሞ የሚመዝነው ሸማኔው ነው፤ ሸማኔው ምንም የለም ይላል።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ቀድማ አዳራሹ ገብታ ተቀመጠች። ጋሽ መንበሩ በር ላይ ብቅ ሲሉ የአዳራሹ ሰው ሁሉ ከአግዳሚ ወንበሩ ብድግ አለ።

«ኖር ጋሼ!»

«በእግዜር! ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ። ጣራ ትመታላችሁ!»

ይህ ቀልድ የቆላ ሰው ቀልድ ነው። የማርስ ስበት ቀላል በመሆኑ ከአክብሮት ብዛት ፈጥኖ የተነሳ ሰው ትንሽ ይንሳፈፋል። አንድ ሁለት ወጣቶች ገና ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ሳያርፉ፣ ሽማግሌው ሳህናቸውን ከሸማኔው መስኮት አንስተው ነበር። እንደ ወትሯቸው ወደ ትልልቆቹ ጠረጴዛ አልሄዱም። መጥተው ሐመልማል አጠገብ ተቀመጡ።

«ልትጠብቂኝ ነው የመጣሽው?»

መዋሸት አልቻለችም። «አዎ፣ ጋሼ።»

«ጎሽ። እንግዲያው በደንብ ጠብቂኝ። እጄንም እዪ፣ ኪሴንም እዪ።» ወደ እሷ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሌባ መባሉስ ይሁን። የሚያናድደኝ የሰረቅሁትን ሳልቀምሰው መቅረቴ ነው።»

ሐመልማል ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ግን እንደ ነገሯት በደንብ ጠበቀቻቸው። እጃቸው ከሳህኑ ወደ አፋቸው፣ ከአፋቸው ወደ ሳህኑ ብቻ ነው የሚሄደው። ቀስ ብለው ይበላሉ። በየመሃሉ ስለ እርጥቡ አፈር ያወራሉ፤ ሽታው የዝናብ ማግስት ሽታ መሆኑን፣ ዙፋን አፍንጫዋን ነክራበት አልነሳም ማለቷን። ሳህኑ ላይ የነበረው ከሸማኔው መስኮት የወጣው ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለም።

«አየሽ? ምንም የለኝም» አሉና ከሽምናቸው ቆረስ አድርገው፣ ምስሩን ጠቅልለው ወደ አፏ ዘረጉ። «እንቺ፣ ጠባቂም ይበላል።»

«አይ ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ...»

«በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት የለም። ጎረሰች። ልታኝክ መንጋጋዋን አንድ ጊዜ ገጠመች፤ ሁለተኛ የሚገጥም ነገር አልነበረም። ሽምኑ ምላሷ ላይ ሟሟ። ወዲያው ደግሞ ከምስሩ ቅመም ሥር ጣፈጣት።

እጇን ወደ ራሷ ሳህን ሰደደች። ከራሷ ሽምን ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተችና አኘከች። ቆየች፤ አሁንም ታኝካለች። የአዳራሹ መብራት ብርቱካንማ በመሆኑ ሁሉም ነገር አንድ ቀለም አለው። ሁለቱን ቁራሾች ከራሷ የእጅ መብራት ሥር አድርጋ ስታያቸው ግን አንዱ የገብስ መልክ አለው፤ ሌላው ታጥቦ እንደተሰጣ ነጠላ ነጭ ነው።

«ጋሼ፣ የርስዎ ሽምን ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«እንዴት ነው?»

«እንዲህ ለስላሳ?»

አሰቡ። «መጀመሪያ የመጣን ጊዜ እንደ ጠፍር ነበር። እየዋለ እያደረ ለሰለሰ። ሸማኔው ሙያ እየተማረ መጣ ብዬ ነበር እኮ! የሁላችሁም እንዲህ አይደለም እንዴ?»

ሐመልማል ማንም ለምን እስከ ዛሬ እንዳላየው ገባት። የትልቅ ሰው ሳህን ውስጥ ማፍጠጥ ነውር ነው፤ ትልልቆቹም እርስ በርሳቸው ነው የሚጎራረሱት።

«ሳህን እንቀያየር» አለች።

ተቀያየሩ። ጋሽ መንበሩ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከእሷ ሳህን ጎርሰው ዓይናቸውን አፈጠጡ። «ኧረ ምን ጉድ ነው! ይኼ ምንድን ነው፣ ገመድ ነው?» ቢሆንም አልተፉትም፤ እያኘኩ ጨረሱት። ሐመልማል የሳቸውን ነጭ ሽምን በላች። ከዚያ ሁለቱም ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ እንደ ዓሣ አጥማጅ ዝም ብለው ጠበቁ።

መጀመሪያ የተነቃነቀው የሐመልማል ደም ነው። ግድግዳዋ ላይ ስታየው የሰነበተችው ያ ቀጥ ያለ አቀበት አሁን ከገዛ ክንዷ ወጣ። የሳቸው ደም ግን እንደ ሜዳ ረጋ ብሎ፣ ቀስ እያለ ከፍ፣ ቀስ እያለ ዝቅ አለ።

ጋሽ መንበሩ አቀበቷን አዩና ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። «አይዞሽ ልጄ። አሁን አንቺም ሌባ ሆነሻል።»

ቶሎሳ የሸማኔው መሐንዲስ ነው። ሐመልማልን የሚያውቃት አብረው ከመጡበት መንኮራኩር ጀምሮ ሲሆን፣ ያን ጊዜም ዝም ማለት አይችልም ነበር። ሁለቱን ቁራሾች ከአጉሊ መነጽሩ ሥር አስገብቶ ሲያይ ግን ወሬውን አቋርጦ መነጽሩን ወደ እሷ አዞረ።

«እዪ» አላት።

የእሷ ሽምን እንደ ጋቢ ነበር። ማጉ ድሩን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ኢንዛይም፣ ስታርቹን የሚመዘው የሆድ ውስጥ ጣት፣ እያንዳንዱን ክር ከአሰሩ መካከል ፈልፍሎ ማውጣት ይኖርበታል፤ ስኳሩም ወደ ደም የሚገባው እየተንጠባጠበ ነው። የጋሽ መንበሩ ሽምን ደግሞ እንደ ቁስል ሻሽ ነበር። ክሩ ያብጥ ዘንድ አየር ተነፍቶበታል፣ ማጉ እዚህም እዚያም ብቻ ይታያል። ጣት ሳይነካው ይተረተራል። ስኳሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይደፋል። ቆሽት ደንግጦ ኢንሱሊኑን ከልክ በላይ ይረጫል፤ ያ ኢንሱሊን ደግሞ ስኳሩን ከሚገባው በታች ጠርጎ ያወርደዋል።

«ግራሙ አንድ ነው» አለ ቶሎሳ። «ሸማኔው አልዋሸም። ስንት ነው ብለን ጠየቅነው፣ ስንት እንደሆነ ነገረን። እንዴት ነው ብለን ጠይቀነው አናውቅም።»

«ድሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው ተብሎ አልነበረም እንዴ?»

«ሲመሠረት ነበር። በኋላ ሰው ተማረረ፤ ደረቀብኝ፣ ጠጠረብኝ። ስለዚህ ግራሙን ሳይነካ ጣዕሙን እንደየሰዉ እንዲያስማማ ተፈቀደለት።» መነጽሩን ዘጋው። «ግን ለጋሼ እንዲህ አድርግ ያለው የለም። እኔ አላልኩም።»

«ጠይቀው።»

ሸማኔው አይናገርም። ሲጠየቅ የሚመልሰው በምክንያት ክር ነው። እያንዳንዱ ያደረገው ነገር ካስደረገው ነገር ጋር በብርሃን ክር ተያይዞ መስታወት ላይ ይታያል። ቶሎሳ መስታወቱ ላይ የጋሽ መንበሩን ሽምን ነካ። ከእሱ አንድ ወፍራም ክር ተነስቶ መስታወቱን አቋረጠ። ወደ ጤና መረጃ አልሄደም፤ ወደ ጥርሳቸውም፣ ወደ እድሜያቸውም አልሄደም። አዳራሹ ውስጥ ወዳሉት አግዳሚ ወንበሮች ሄደ።

«ወንበር?» አለች ሐመልማል።

«ወንበሮቹ ይመዝናሉ። ስንት ሰው እንደተቀመጠ ለማወቅ ነው፣ ምግብ እንዳይባክን።» ቶሎሳ ክሩን በጣቱ እየተከተለ ነበር፤ በድንገት ጣቱ ቆመ። «ሐመልማል፤ ጋሼ ሲገቡ ወንበሮቹ ይቀላሉ።»

ተያዩ።

«ስለምንነሳ» አለች።

ሌላ ክር ነበር፤ ቀጭን፣ ሩቅ የሚሄድ። እስከ መጀመሪያዎቹ በዓላት ወሰዳቸው። ያኔ ሰዎች ሸማኔው መስኮት ላይ ቆመው የተናገሩትን መስታወቱ መልሶ አሰማቸው። የማያውቋት ሴት፦ «ለእንግዳ ነው፣ ለስለስ አድርገው።» አንድ ጎልማሳ፦ «የሚሻክረውን ለኛ፤ ለትልቅ ሰው ነጩን።» ሌላዋ እየሳቀች፦ «ምን ብዬ ነው ይኼን ገመድ ለሳቸው የማቀርበው!» ከዚያ በኋላ ሸማኔው ማንም እስኪነግረው አልጠበቀም። ትልቅ ሰው ማን እንደሆነ ከወንበሮቹ ተማረ። ሰው ሲነሳላቸው ድሩን አላላላቸው። ዓመት በዓመት ሰዉ ይበልጥ ሲያከብራቸው፣ እሱም ይበልጥ አላላ።

ቶሎሳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አልተበላሸም» አለ ቀስ ብሎ። «አስተዳደጉ ነው። እኛው ነን ያሳደግነው።»

ሐመልማል ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ የሌሎችን ክሮች አየች። ከጋሽ መንበሩ ቀጥሎ ልል የሆነው የማን እንደሆነ ስታነብ እጇን ሰበሰበች። የዶክተር ሰብለ ነበር። ዶክተሯ ከሰዓት በኋላ የሚይዛቸውን ድካም የሥራ ብዛት ነው ሲሉ የሰማቻቸው ትዝ አላት። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከከተማው ሁሉ ጥብቁ ድር ነበር።

«ይኼ ያንተ ነው» አለችው።

«የኔ?» ቶሎሳ ደረቱን ያዘ። «ለኔ አንድም ሰው ተነስቶ አያውቅም ማለት ነው?»

«ተነስቶ አያውቅም። ደምህ ግን ከሁሉም ሰው ደም የተሻለ ነው።»

«ብከበር እመርጥ ነበር።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ሐሳብ ሰጠቻት። ክር ማየት አንድ ነገር ነው፣ ማረጋገጥ ሌላ። ዶክተር ሰብለ ፊት የምትቆመው በመስታወት ላይ በታየ ብርሃን ብቻ እንዲሆን አልፈለገችም።

በቀጣዮቹ ቀናት ቶሎሳ አዳራሽ በገባ ቁጥር ሰዉ እንዲነሳለት ተለመነ። ለምን እንደሆነ ሐመልማል ለጊዜው አልተናገረችም፤ ፈተና ነው ብቻ አለች። ሰዉም የሚስቅበት ነገር ካገኘ ምክንያት አይጠይቅም። መጀመሪያ ዙፋን ብድግ አለች። «ኖር፣ የቂጣው ጌታ!» አዳራሹ ተከተላት። ቶሎሳ እጁን ዘርግቶ፣ ጋሽ መንበሩን በትክክል አስመስሎ፣ «በእግዜር ልጆቼ! ጣራ ትመታላችሁ!» አለ። ጋሽ መንበሩ ራሳቸው ተነስተው እጅ ነሱለት። ሳቃቸው ሲበርድ፣ «ቶሎ አትልመደው፤ መልቀቁ ያስቸግራል» አሉት።

ወንበሮቹ ቀለሉ። ሸማኔውም አየ። ጥቂት ማዕድ እንዳለፈ የቶሎሳ ሽምን መልኩ ይነጣ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ አፉ ውስጥ ሟሟ። የደም ዓይኑ ያንኑ አቀበትና ያንኑ ገደል ሣለች። ከሰዓት በኋላ ሐመልማል ልታየው ስትሄድ ሸማኔው አጠገብ ተቀምጦ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ አገኘችው።

«ክብር ከባድ ነው» አላት ሲነቃ።

ለዶክተር ሰብለ ነገሩን ስትነግራቸው አላቋረጧትም። የራሳቸውን ክር ስታሳያቸው ክንዳቸውን እንደ ሌላ ሰው ክንድ ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ ያሉት አንድ ነገር ነው። «ይኼ ሰው ፊት ነው መነገር ያለበት። የታሙት ሰው ፊት ነው።»

ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰዉ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሐመልማል ቆማ ተናገረች። ስለ ድሩ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ነጩ ሽምን። ስትጨርስ ጥግ ላይ የነበረች ሴት፣ ለማንም ሳትናገር፣ «እኛው ነን ያበላናቸው» አለች። የቀረው ሰው ሳህኑን እያየ ነበር።

ዶክተር ሰብለ ወደ ጋሽ መንበሩ ዞሩ። «ጠርጥሬዎታለሁ» አሉ። «ባይናገሩኝም እንደሚያውቁ አውቃለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሥራሽ ነው» አሉ ጋሽ መንበሩ። «ካልጠረጠርሽ ማን ያጣራልኝ ነበር?»

«ክሩን ዛሬውኑ እቆርጠዋለሁ» አለ ቶሎሳ። «ሸማኔው ወንበር ማየቱን ያቆማል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ድር።»

ዙፋን ከተቀመጠችበት ተነሳች። «እንግዲያው አለቀ! ጋሼ፣ እንወርዳለን!»

ሁሉም ወደ ሐመልማል ተመለከተ። ይህን ጥያቄ ስትፈራው ቆይታለች። ጋሽ መንበሩ ሳህን ከተቀያየሩ ወዲህ የሚበሉት ጥብቁን ነው። አቀበቱ ጠፍቷል። ገደሉ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሥራ ሲከብዳቸው ስኳራቸው ዛሬም ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ለዓመታት መደንገጥ የለመደ ቆሽት አልደነግጥም ለማለት ጊዜ ይፈልጋል። ደንቡ ደግሞ ብዙ ሳምንት ሳያቋርጥ የረጋ ደም ይላል።

«ገና ነው» አለች። «እየተሻለ ነው። ይድናሉም። ግን ገና ነው።»

«አቧራውስ?» አለች ዙፋን። «አቧራው ይጠብቃል?»

ዶክተር ሰብለ ለአፍታ ወለሉን አዩ፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው ለስለስ ብሏል።

«ደንቡ የተጻፈው ምክንያቱ ላልታወቀ ሕመም ነው» አሉ። «ይህ ታውቋል። ጋሽ መንበሩ ለዚህች ውሃ ሕይወታቸውን የሰጡ ሰው ናቸው። ለሳቸው ሲባል መስመሩን ጥቂት ብናላላው... የሚቃወም ያለ አይመስለኝም።»

የተቃወመ የለም። እንዲያውም አንዱ «ይገባቸዋል!» አለ፤ ሌላው ተቀበለው። ሰዉ ከያለበት ተነሳ። እያጨበጨበ፣ ጥቂቱም እየተንሳፈፈ፣ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ሐመልማልም ቆማ ነበር። ተቀምጦ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጋሽ መንበሩ ሰዉን አላዩም። ባዶ የሆኑትን አግዳሚ ወንበሮች አንድ በአንድ ያዩ ነበር።

«ቶሎሳ» አሉ ጭብጨባው ሲያቆም። «ክሩን ቆርጠኸዋል?»

«ገና ነኝ ጋሼ።»

«ሸማኔው አሁን ምን እያየ ነው?»

ቶሎሳ ወንበሮቹን አየ። «ሲቀሉ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ነው?»

«ሊያላላልዎት ነው።»

ጋሽ መንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ዶክተር ሰብለም ዞር ብለው ፈገግ አሉ። ዶክተሯ ከንፈራቸውን ነከሱ። ገብቷቸዋል። ሐመልማልም ገባት። መስመሩን ልናላላላቸው የተነሳነው ከሸማኔው በምን ተሽለን ነው? እሱም ቢሆን ክፉ አላሰበም። ያየውን ነው ያደረገው።

ሽማግሌው ከሳህናቸው ቆረስ አድርገው ጎረሱ። ጥብቁ ሽምን ነበር። ማኘክ ጀመሩ። ሰዉ ቆሞ ጠበቀ። አልቸኮሉም፤ እስኪበቃቸው አኘኩ፣ ዋጡም። ከዚያ ተነሱ፤ በዝግታ ስለተነሱ እግራቸው ከወለሉ አልተላቀቀም።

«ክሩን አትቁረጠው ቶሎሳ» አሉ። «ሰው ሰውን ሲያከብር ማየቱን ለምን እንከለክለዋለን? ለተነሱለት ሰው ግን ጠበቅ አድርጎ እንዲሸምንለት አስተምረው።»

«ጋሼ፣ እኔ ያለ እርስዎ...» አለች ዙፋን።

«ትወርጃለሽ።» እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አኖሩና አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጉድጓዱን ዙፋን ትክፈተው፤ አብሯት የሚወርደውን ሰው ራሷ ትምረጥ። እኔ ደሜ ሲፈቅድልኝ ወርጄ ውሃውን እቀምሳለሁ። እስከዚያ ድረስ እዚህ ተቀምጬ የሚታኘከውን እበላለሁ። አሁን ቁጭ በሉ፤ ምሳ ቀዘቀዘ።»